ቁጥር ነው እኮ!

ዶክመንቴሽን የሚጽፍ ሰው አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ ነገሩን ያውቀዋል። ስለሚያውቀውም “መጀመሪያ ኮኔክሽን ይክፈቱ፣ ቀጥሎ ከርሰር ይፍጠሩ” እያለ እንደ ሰርግ ፕሮግራም በተራ በተራ ይዘረዝርልናል። አንባቢው ግን በተራ አይመጣም። የሚመጣው ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ከተሞላ፣ አለቃው ከጀርባው ከቆመ በኋላ ነው።

ፓይተንን ከፖስትግሬስ ጋር የሚያገናኘው ሳይኮፒጂ 2 የተባለ ኦፕን ሶርስ ድራይቨር ግን የምወደው ገጽ አለው፤ የተደጋጋሚ ጥያቄዎች ገጹ። እዚያ ካሉት ርዕሶች አንዱ ወደኛ ቋንቋ ሲመጣ “ቁጥር አምጣ ይለኛል፤ ቁጥር ነው እኮ!” እንደማለት ነው። ቃለ አጋኖው ሳይቀር አለ። ይህን የጻፈ ሰው ተጠቃሚ ሲጮህ በጆሮው ሰምቷል። መልሱም አያደክምም፦ ድራይቨሩ ቁጥሩን አስቀድሞ ወደ ጽሑፍ ስለሚለውጠው፣ ቁጥርም ይሁን ቀን ቦታ የሚያዝለት ሁልጊዜ በፐርሰንት ኤስ ነው፤ ፐርሰንት ዲ የጻፈ ይጮሃል።

ይኸው ዶክመንቴሽን የኤስኪውኤል ትእዛዝንና የተጠቃሚን ጽሑፍ በመደመር ምልክት አትቀጥሉ ብሎ ሲያስጠነቅቅ፣ መሣሪያ ቢደገንባችሁም እንኳ ይላል። (እኛ ቢሮ ማንም መሣሪያ ሳይደግን ይቀጠላል።)

ባለፈው ከቢሯችን ልጆች አንዱ መጣ።

“ጋሼ፣ ይሄ ዳታቤዝ አብዷል።”

“ምን አለህ?”

“አንድ ስም ብልክለት በዛብኝ ይላል።”

ስሙ አበበ ነው። ልጁ በቅንፍ አስገብቶታል፤ ከስሙ ኋላ ግን ኮማ የለም። ፓይተን ደግሞ ኮማ የሌለውን ቅንፍ ከምንም አይቆጥረውም። ስለዚህ ድራይቨሩ ጋ የደረሰው አንድ አበበ ሳይሆን አንድ “አ” እና ሁለት “በ” ነው። ቦታው አንድ፣ የመጡት ሦስት! የሚገርመው፣ ስሙ ባለ አንድ ፊደል ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይል ያሳልፈው ነበር።

“ይሄ እኮ ዶክመንቴሽኑ ላይ ተጽፏል” አልኩት።

“እሱን ማን ያነባል ጋሼ?”

እውነቱን ነው። ዶክመንቴሽን እናሻሽል ሲባል ሁሉም ምዕራፍ ለመጨመር ይሽቀዳደማል፤ እኔ ግን ጩኸት ነው የምለቅመው። “አስገባሁት፣ አየሁት፣ በሌላ መስኮት ስከፍት የለም!” የሚለው ከስብስቤ ውስጥ አንደኛ ነው። ሳይኮፒጂ 2 ከመጀመሪያዋ ትእዛዝ ጀምሮ ትራንዛክሽን ይከፍታል፤ ኮሚት እስኪደረግ ድረስ ያስገባኸውን የምታየው አንተ ብቻ ነህ፤ ኮሚት ሳታደርግ ከዘጋህ ደግሞ አንተም አታየውም። ይህን “የትራንዛክሽን አያያዝ” በሚል ርዕስ ሥር የቀበረ ሰው፣ መረጃው የጠፋበት ሰው መጥቶ እንዲያገኘው የፈለገ አይመስለኝም።

የኮማው ነገር ስሙን በማልጠራው ሌላ ድራይቨር ዶክመንቴሽን ውስጥ ጭራሽ ስላልነበረ ጽፌ ልልክላቸው ተነሣሁ። ርዕሱን ባለጩኸቱ ራሱ ያውጣ ብዬ ልጁን ጠየቅኩት።

“አበበ አንድ ሰው ነው! በለው” አለኝ።

እንዳለ ላክሁት። ከአራሚዎቹ አንዱ ማብራሪያውንም ምሳሌውንም ወዶት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፎ መለሰልኝ፦

“አበበ ማነው? ፈቅዷል?”