ኪሴ ውስጥ ያለው ታማሚ

ስድስት ኪሎ ተወልዶ ስድስት ኪሎ ያረጀ ሰው አውቃለሁ ባይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ግቢ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት፣ ገነተ ልዑል፣ እንደነበረ፣ በ1953 የታኅሣሥ ግርግር እዚያው እንግዳ መቀበያ ሳሎን ውስጥ ደም እንደፈሰሰ፣ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እተርካለሁ። የአንበሳ ግቢን አንበሶች በግሳታቸው እለይ ነበር እያልኩ የምዋሽበት ቀንም አለ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው «ኤክስሬይ የት ነው የሚነሳው?» ብሎ ይጠይቃል? ሞቱ ነው።

የእህቴ ልጅ ዶክትሬቷን የምትማረው እኔ ዘንድ ሆና ነው። የምታጠናው ባትሪ ነው ስትለኝ እኔ የታየኝ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ነው። «ባትሪ ድንጋይ ይኼን ሁሉ ዓመት ምኑ ይጠናል?» ብዬ ደሴ ላሉት እናቷ ደውዬ አማክሬያለሁ። እሳቸውም አልገባቸውም፤ ተያይዘን ዝም አልን። በ2016 ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ግን መንገዱ ሁሉ ድምፅ በሌለው መኪና ሲሞላ፣ ልጅቷ የያዘችው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ጠረጠርኩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደወለች።

«ጋሼ፣ ቡፌው ላይ ትንሽ ብልቃጥ ረስቻለሁ። ጥቁር ዱቄት አለበት። ለኤክስሬይ ነው፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ያድርሱልኝ። እኔ አራት ኪሎ ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ፤ እርስዎ በቀጥታ ወደ…»

ስልኬ ጠፋ። ባትሪው አልቆ። (እባካችሁ አትሳቁ፣ ገና ነው።)

ብልቃጡን ከብርጭቆዎቹና ከላስቲክ አበባው መሀል አነሳሁና ኮት ደርቤ ወጣሁ። ኤክስሬይ ከተባለ ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታል ደግሞ ከቤቴ ብዙ አይርቅም፤ የትኛው እንደሆነ ልተወው። ለካርድ ተሰለፍኩ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ደርሶኝ መስኮቱ ጋ ስጠጋ ከኋላው ያለችው ልጅ ቀና እንኳ አላለችም።

«የታማሚው ስም?»

«የእህቴ ልጅ ነው» አልኳት።

«ዕድሜ?»

ዱቄት ዕድሜ መጠየቁ ቢገርመኝም ሳይንስ ነው አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ «ከምድጃ ወጣልኝ!» እያለች ሳሎን ውስጥ ስትዘል አይቻታለሁ። «ሳምንት አይሞላውም።»

«እናቱስ?»

«አራት ኪሎ ሥራ ላይ ናት።»

ከኋላዬ ነጠላ ያጣፉ እናት «ወይ የዘንድሮ እናት! በአራስ ጎኗ!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ልጅቷ አሁን ቀና አለች። «ይዘውታል?»

«አዎ፣ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ወረፋው ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ጸጥታውን እንደ አክብሮት ቆጥሬ ብልቃጡን አወጣሁና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። እናትየዋ አማተቡ። ክንዱን በጨርቅ ያንጠለጠለ አንድ ልጅ ሕመሙን ረስቶ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ዘበኛው መጣ፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስቶ «ኩል ነው?» አለኝ። እኔም፣ ከተሸነፍኩ ላይቀር በክብር ልሸነፍ ብዬ፣ «የባትሪ ኤሌክትሮድ ነው» አልኩ። ያን ጊዜ ያልሳቀውም ሳቀ።

ያዳነኝ የኤክስሬይ ባለሙያው ነው፤ ጫጫታውን ሰምቶ የወጣ ወጣት። ወደ ጥግ ወስዶ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «አባባ፣ የኛ ማሽን የሚያነሳው ጥላ ነው። አጥንት ጨረሩን ስለሚያስቀር ነጭ ሆኖ ይወጣል። የልጅዎ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ የሚለካው ጨረሩ ከዱቄቱ ነጥሮ በምን ማዕዘን እንደሚወጣ ነው። ቶሎ ይሂዱ፣ ትጠብቅዎታለች።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል? ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ስጣደፍ የጫማዬ ክር ተፈታ፤ ጎንበስ ብዬ ሳስር ልይዘው የነበረው ታክሲ ሞላና ሄደ። ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል። መሣሪያው ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ የሁሉንም ናሙና ሰብስቦ የሚወስደው ባልደረባዋ ሄዷል። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ልታለቅስ መሰለኝ፤ «ኪሴ ውስጥ ነው» ያልኩት ጋ ስደርስ ግን ግድግዳ ተደግፋ ተንፈቀፈቀች። ማኪያቶም የጋበዘችኝ እሷ ናት፤ ሂሳቡን ልከፍል ስል ቦርሳዬን ቤት ረስቼዋለሁ።

ዱቄቷ ሊቲየም፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ተዋህደው እቶን ውስጥ የተጋገሩበት ነው። አተሞቹ በድርብርብ ነው የሚቀመጡት፤ ሊቲየሙ በንብርብሩ መሀል እየገባ እየወጣ ነው ባትሪው የሚሞላውና የሚያልቀው። ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ጨረሩን ሲያገኝ የሚስቱን እጅ ነው ያነሳው፤ ብራግ የሚባሉ አባትና ልጅ ደግሞ በ1913 በዚያው ጨረር በንብርብሮች መሀል ያለውን ርቀት መለካት ቻሉ። ልጁ ኖቤል ሲሸለም 25 ዓመቱ ነበር። የሊቲየም ኮባልቱን ነገር በ1980 ያወጣው ጉድኢናፍ ግን ኖቤል የደረሰው በ2019 እ.ኤ.አ.፣ በ97 ዓመቱ ነው። ይቺኛዋን በጣም ወደድኳት። እኔም ገና ነኝ ማለት ነው።

«የሚገርምዎት ጋሼ፣» አለች፣ «ሊቲየም ሦስት ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው ኤክስሬዩ እምብዛም አያየውም። እኛ የምናየው የሌሎቹን መንቀሳቀስ ነው። ዋናው ጭንቀቴ ኒኬሉ ነው። መጠናቸው ስለሚቀራረብ አንዳንዴ የሊቲየምን ቦታ ይይዝና መንገድ ይዘጋል። ልክ እንደ እርስዎ፣ የማይመለከተው ወረፋ ውስጥ ገብቶ ይቆማል።»

ዋጥኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ምን እላለሁ?

ከዚህ የሚበልጠውን ኤክስሬይ፣ ሲንክሮትሮን የሚሉትን፣ አፍሪካ ውስጥ አታገኙትም። ቅርባችን ያለው ዮርዳኖስ ሲሆን የተመረቀውም በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ታይዋን ድረስ ሄደው በሊቲየም ባትሪ ዶክትሬታቸውን የሠሩ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። እሷ ደግሞ እዚሁ ሆና የሚቀጥለውን ተራ ትጠብቃለች፤ በኔ ምክንያት።

እናንተ የሆስፒታል ሰዎች ግን አደራችሁን፣ አንድ ሽማግሌ መጥቶ «ልጁ ሳምንት አይሞላውም» ካላችሁ፣ ከዕድሜው በፊት የት እንዳለ ጠይቁት።