ክረምቱን ሐይቅ ከተማ ለማሳለፍ ላሰቡ

መጀመሪያ ቁምጣዎን ከሻንጣው ያውጡ። ምክሩ በተለይ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሚመጡ ወገኖቻችን ነው፤ እዚያ ፀሐይ የሚሞቁበት ወር እዚህ ሐምሌ ነውና። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሐይቅ ሲደርሱ ቀድሞ የሚቀበልዎት ደመና ነው። በቁምጣው ፋንታ ጋቢ ይያዙ። ጋቢ ተከናንቦ ውኃ ዳር መቀመጥ ራሱን የቻለ መዝናኛ ነው፤ ዋና መቻልንም አይጠይቅም።

ዋናው ሥራ አሳ መብላት ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቆሮሶ ለሐይቁ መጤ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሩት ነው። ዛሬ ግን ከነባሩ በላይ የአገሬው ልጅ ሆኗል። ሙሉውን ጥብስ ይዘዙ፦ ግራና ቀኝ ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ የገባውን፣ ጅራቱ እንደ ቆሎ የሚንኮሻኮሸውን። ሎሚ ይጭመቁበት፤ ዳጣውን ግን በጣትዎ ጫፍ ሳይቀምሱ አይድፈሩት። አጥንቱ ዝምታ ይፈልጋል። ፖለቲካ የሚወድ ጓደኛ ካለዎት ለእሱ ጉላሽ ይዘዙለት። አስተናጋጁን "አሳው የዛሬ ነው?" ብሎ ፊትን ኮስተር አድርጎ መጠየቅም ወግ ነው። መልሱ ምንጊዜም "አሁን የወጣ!" ነው። ሐይቁን ቀና ብለው ይዩና ይመኑ።

ጉዞዎ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከዋለ ፍልሰታ ነው። አሳ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ነገር ማዕድ ላይ አያንሡ። የሚበላ ይብላ፣ የማይበላ ሽሮውን ይዘዝ፤ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ የሚሟገት ሰው ግን ከጾሙም ከአሳውም ሳይሆን ይቀራል።

ከምሳ በፊት ሐይቅ እስጢፋኖስን ይሳለሙ። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ አባወራው ሚስቱን ደጅ ትቶ "መጣሁ" ቢል አትመኑት፤ ውስጥ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አሉ፣ የሚያስረዱት አባትም አይቸኩሉም። እመቤቲቱ ምሳቸውን ይዘዙ። የእሱንም ድርሻ ቢበሉ እኔ አልከስም።

ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይደረሳል። ይህን ለጀልባው ባለቤት አይንገሩት፤ ያውቀዋል። ጀልባ ካማረዎት በጠዋት ይሳፈሩ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቀጠሮ አያከብርም። ዋጋውንም ገና መሬት ላይ ቆመው፣ የደርሶ መልስ ብለው ይቁረጡ። መሐል ሐይቅ ላይ ሆኖ የተከራከረ አሸንፎ አያውቅም።