ሚዶ የምትነካ ጣት

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ በዛብህን ቤታቸው ያስገቡት ልጃቸውን እንዲያስተምርላቸው ነበር። አስተማረ፤ ውጤቱን አገር ያውቀዋል። እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተንም በ1813 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ልቦለድ፣ ዳርሲ የተባለው ኩሩ ባለጸጋ ንቆ ባለፋት ልጅ ዐይን ተይዞ ስንት ምዕራፍ ሙሉ ይንገላታል።

ሁለቱም ደራስያን ራያ ቆቦ ላይ ቢጽፉ ወረቀት በቆጠቡ ነበር። ነሐሴ 16 ደርሶ የልጃገረዶቹ ጭፈራ ሶለል ሲወጣ፣ የራያው ጎረምሳ ያበጠረውን ጎፈሬ እንደገና ያበጥራል። ሚዶውን ይሰካል፣ ይነቅላል፣ ትንሽ አዘንብሎ መልሶ ይሰካል። ጸጉሩ ምንም አልሆነም። ልጅቷ በበኩሏ ከበሮውን ለጓደኛዋ አቀብላ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ብልህ ናት! በነሐሴ ቆላው ሁሉ ለማሽላው ሲል ደመና ነው የሚያየው፤ ማን ይጠረጥራታል? ሰማዩ ልክ ከልጁ ጎፈሬ በላይ መሆኑ እንግዲህ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ሃያስያን ይህን «ረቂቅ ውስጠ ወይራ» ብለው የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠሩበታል። እናቷ ግን ጭፈራው ሳይበርድ የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥራ ጨርሳለች።