የባላንስ ዘንግ አጭር የሕይወት ታሪክ

ሟች የባላንስ ዘንግ ከአባታቸው ከአቶ ብረትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶርኖ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በቻርልስ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዋልታም ከተማ ተወለዱ። እህል ውሃቸው ሞዴል 1883 በሚባለው የኪስ ሰዓት ውስጥ ሆነና፣ ቁመታቸው ከሩዝ ፍሬ ባይበልጥም ያን ሁሉ ጥርስና ሞላ ሲያስተዳድሩ ኖሩ።

ትዳር የያዙት ገና ፋብሪካ ሳሉ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባላንስ፣ ጥቃቅን ብሎኖች በጠርዟ የደረደረች መንኮራኩር ነበረች። ጋብቻው የቁርባን ነበር፤ ሙሽራው በመሀል ቀዳዳዋ ከገቡ በኋላ ጠርዛቸው በመዶሻ ተቀጥቅጦ ስለተቆለፈ ፍቺ የሚታሰብ አልነበረም። ባልና ሚስት በሰከንድ 5 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲሉ የዓመት ፈቃድ እንኳ ጠይቀው አያውቁም።

የዘንግ ወገን ስሙ የገነነው በባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን ላይ ሁለት ባቡሮች ተጋጩ፤ የአንደኛው ነጂ ሰዓት ለ4 ደቂቃ ቆሞ እንደነበር ተወራ። የክሊቭላንዱ ጌጣጌጥ ነጋዴ ዌብ ቦል የባቡረኞችን ሰዓት እንዲቆጣጠር ተሾመ፤ ቀጥሎም ጥብቅ ደንብ መጣ። ደንቡ የባቡር ሰዓት በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይሳሳት፣ በ5 ዓይነት አቀማመጥም እንዲፈተን ያዝ ነበር።

ሰዓት ተጋድሞም ቆሞም እኩል እንዲቆጥር ሰበቃው መቀነስ አለበት፤ ሰበቃው እንዲቀንስ ደግሞ የዘንጉ ጫፎች መቅጠን አለባቸው። ሟችም ጫፎቻቸውን ወደ አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ገደማ አቅጥነው፣ ተወልውለው፣ በሩቢ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ቆሙ። ያስመሰገናቸውም የገደላቸውም ይኸው ቅጥነት ነው።

ሟች በድንገት ከኪስ ወድቀው አረፉ።

የሰዓቱ መስታወት አልተሰነጠቀም፤ ቀፎውም አልጎደጎደም። ሰዓት ሠሪው ሬሳውን ሲመረምር አስቀድሞ በሞላው ውስጥ የታመቀውን ኃይል ቀስ አድርጎ ለቀቀ፤ ይህን ዘንግቶ ቢፈታታው ኖሮ መንኮራኩሮቹ ተፈትልከው ሌላ ለቅሶ ያመጡ ነበር። ከዚያ የባላንሷን ድልድይ ፈትቶ፣ እመቤቲቱን በወረንጦ አንሥቶ፣ በማጉያ መነጽር አየ። አንደኛው የሟች ጫፍ የለም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት የስዊስ ዘንጎች ዕድለኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ኢንካብሎክ የተባለው መከላከያ ድንጋዩን በቀጭን ሞላ ስለሚይዘው፣ ሰዓቱ ሲመታ ድንጋዩ ሸሸት ብሎ ይመለሳል፤ ጫፉም ይተርፋል።

ድንኳኑ ሳይተከል ግን አንድ አስደንጋጭ ወሬ ተሰማ፤ ሟች ወንድም አላቸው። የዋልታም ፋብሪካ ክፍሎቹን እርስ በርስ እንዲተካኩ አድርጎ በማሽን ያመርት ስለነበር፣ በመልክም በቁመትም እሳቸውን የሚመስል ዘንግ ከነማሸጊያው በአሮጌ ዕቃ ሻጭ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ባላንሷም ለዋርሳዋ ተሰጠች።

ነገሩ በአንድ ጀምበር አላለቀም። ሰዓት ሠሪው የሟችን ቅሪት በቶርኖ እየላገ አወጣው፤ ቸኩሎ በግድ ቢገፋው ኖሮ ቀዳዳዋ ተበላሽቶ ለማንም አትሆንም ነበር። ዋርሳው በቦታው ገባ፤ ተቀጠቀጠ፤ ተቆለፈ። ቀጥሎ የሙሽራዋ ሚዛን ተፈተሸ፤ ከአንድ ጎን ከከበደች ሰዓቱ ቆሞ አንድ ነገር፣ ተጋድሞ ሌላ ይናገራልና። የባላንሷ ጥምዝ ሞላ በቦታው ተመልሶ ሰዓቱ ሲሞላ ቤቱ እንደ ድሮው መቁጠር ጀመረ፤ ለቅሶ ደራሾቹም በዚያው ሠርገኛ ሆኑ።

በዚህ መሀል አንድ ለቀስተኛ፣ ዋርሳውም ቢወድቅ ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀ። የትውልድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1957 ሰዓት ማምረት አቁሟል፤ በየመሳቢያው የቀሩት ወንድሞችም እየተመናመኑ ነው። ወንድም ከታጣ፣ አለ ሰዓት ሠሪው፣ ዘንጉን ራሴ ከብረት ቀርጬ አወጣለሁ፤ የእጅ ዋጋዬ ግን ከሰዓቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እስከዚያች ደቂቃ ፈገግ ብሎ የቆየው ባለሰዓት ይህን ሲሰማ ደረቱን መታ።