ባለ ዘውዱ ቺፕና ባለ ጆሮዎቹ

የድምፅ ጥራት የሚለካው በኪሎ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው ጆሮ አልተፈጠረለትም። ከዋሽንግተን ወደ ቦሌ የሚበር ዘመድ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። ከአንደኛው ግማሹን የሚበላ፣ ከ30 ዓመት በፊት የተሠራ፣ ፊቱ በወፍራም አሉሚኒየም የታሸገ ሳጥን ከጨመረ የሙዚቃ ነገር ተፈታ። የሕፃናቱ ጫማና የእናትየው የደም ግፊት መድኃኒት ለሚቀጥለው መንገደኛ ይተላለፋሉ። ሳጥኑ አዳማን፣ ዴራንና ኢተያን አልፎ አሰላ ሲገባ ባለ ጆሮው በሁለት እጁ ይቀበለዋል፤ ከፍ ያደርገዋል፤ ክብደቱን ገምቶ ራሱን ይነቀንቃል። ገና ሶኬት ሳይነካ ድምፁ ታውቋል።

ሳጥኑ ምን ይሠራል? በሲዲም ሆነ በፍላሽ ላይ ያለ ዘፈን የቁጥር ክምር ነው፤ በሲዲው ልክ ከተሄደ በየሰከንዱ 44,100 ቁጥር ለግራ፣ ያንኑ ያህል ለቀኝ። ይህን ቁጥር ስፒከር ወደሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ዳክ ይባላል። በየላፕቶፑ፣ በየቴሌቪዥኑ፣ ፍላሽ በሚያጫውት በየባጃጁ ቴፕ ውስጥ አለ። ይህ ግን በባለ ጆሮዎች ፊት አይነሳም፤ የባጃጅ ሾፌር ያለው ነገር ምን ክብር አለው? ዳክ ዳክ የሚሆነው ለብቻው በሳጥን ተቀምጦ፣ የራሱ ትራንስፎርመር ተሰጥቶት፣ ማርክ ሌቪንሰን ቁጥር 30 እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደተሸጠው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሲጠየቅበት ነው።

እንግዲህ ትልቁ ክርክር ይህ ነው፦ የዚያ ዘመን ውድ ዳክ ከዛሬዎቹ ጋር ይወዳደራል ወይስ ዘመኑ አልፎበታል? መልሱ አጭር ነው፤ አጭር በመሆኑም ማንም አይፈልገውም። ሶኒ የመጀመሪያውን የሲዲ ማጫወቻ፣ ሲዲፒ-101ን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ በ168 ሺህ የን ገበያ ላይ ሲያውል የሲዲው ደረጃ 16 ቢት ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ ይህም ከትልቁ ድምፅ እስከ ትንሹ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ነው። መሐንዲሶቹ ይህን ጣሪያ ለመንካት ዓመታት ደከሙ። ፊሊፕስ እንኳ በመጀመሪያ ብቅ ያለው ባለ 14 ቢት ቺፕ ይዞ ነው። ምርጦቹ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ጣሪያው ጋ ደረሱ። ዛሬ አፕል ለጆሮ ማዳመጫ በ9 ዶላር የሚሸጣት፣ መዳፍ የማትሞላ ሽቦም እዚያው ጣሪያ አጠገብ ናት። ስለዚህ ጥሩው የድሮ ዳክ ዛሬም ጥሩ ነው፤ ርካሹ የዛሬ ዳክም ጥሩ ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ስንት የቡና ሰዓት ባዶውን በቀረ!

ደግነቱ አያበቃም፤ ዘውድ አለ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ቲዲኤ1541 የተባለ ቺፕና ተከታዩ ቲዲኤ1541ኤ ዛሬም እንደ ታቦት የሚከበሩ ናቸው። ፋብሪካው ሲፈትሻቸው ከሌሎቹ የበለጠ ትክክለኛ ሆነው የተገኙትን መርጦ በጀርባቸው ላይ ዘውድ ያትምባቸው ነበር፤ ባለ አንድ ዘውድ፣ ከዚያም የበለጠ ባለ ሁለት ዘውድ። ኢትዮጵያ ዘውዱን በ1967 ዓ.ም. አውርዳለች፤ ባለ ጆሮዎቹ ግን ለንጉሣዊው ቺፕ ታማኝ እንደሆኑ አሉ። ገበያውም ታማኝነታቸውን አይቶ ዝም አላለም፤ ተራውን ቺፕ ፍቆ፣ ዘውድ አትሞ፣ ዋጋውን ሰቅሎ ይሸጥላቸዋል። ፎርጅዱን የገዛውም ሰው የዘውዱን ግርማ በዋሽንቱ ላይ ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ከሁሉ የሚጥመው ሌላ ነው። ባለ ጆሮው «ድምፅ በመለኪያ አይለካም፣ በልብ እንጂ» ይላል፤ ያ ዘውድ ለቺፑ የተሰጠው በመለኪያ ነው። የማረከውን ማኅተም የመታው የናቀው መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ሙቀቱ ግን እውነት መመስከር ይገባል። «የድሮው ድምፁ ሞቅ ያለ ነው» ሲሉ አይዋሹም፤ ሳጥኑ ሌት ተቀን ተሰክቶ ስለሚውል ክዳኑ ላይ እጅ ቢያሳርፉበት ይሞቃል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በሐምሌ ከጭላሎ በኩል ብርዱ ሲወርድ ይህ ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ግን በዚያው ሙቀት 30 ዓመት ሲደርቁ ኖረዋል፤ አምራቾቻቸው የሰጧቸው ዕድሜ በጥቂት ሺህ ሰዓታት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚሰማው ሳጥኑ እ.ኤ.አ. በ1992 የነበረው ድምፅ ይሁን የደረቀ ካፓሲተር ድምፅ፣ ከፍቶ ያልለካ ሰው አያውቅም። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ደግሞ የሚፈልገው 100 ቮልት ነው፤ የአሰላ ሶኬት 220 ይሰጠዋል። ዝቅ ማድረጊያ ትራንስፎርመር ይገዛለታል፤ ለትራንስፎርመሩ ስታቢላይዘር፤ ለስታቢላይዘሩ መደርደሪያ። መብራት የጠፋ ማታ ባለቤቱ በስልኩ ያዳምጣል፤ ያን ማታ ሙዚቃውን እንደሚወደው ለማንም አይናገርም።

«አዲስ ነው የሚሻለው» የሚሉትም ከዚህ ቤት የራቁ አይደሉም። ኢኤስኤስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 140 ዴሲቤል ስፋት አለው ብሎ የሚያስተዋውቀው ቺፕ ሠርቷል። ጸጥ ያለ ክፍል በሌሊት 30 ዴሲቤል ያህል የራሱ ድምፅ አለው። የቺፑን ትንሽ ድምፅ ከዚያ በላይ ለመስማት ትልቁን 170 ላይ ማድረስ ያስፈልጋል፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት የጆሮ ታምቡር ይቀደዳል። ጥራት ማለት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ጃፓን ኖቤኦካ ውስጥ የሚገኘው የኤኬኤም ቺፕ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ቺፖቹ ከገበያ ሲጠፉ ድምፃቸው ወዲያው አማረ።

እዚህ ላይ የአርሲ ገበሬ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደሆነ ማየት ይቻላል። ከአሰላ በስተሰሜን፣ በአዳማ መንገድ ላይ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዘር የሚመርጠው ጆንያ በማቀፍ አይደለም። ዝርያዎቹን በትንንሽ መደብ ጎን ለጎን በዕጣ ይዘራል፤ ይደግማል፤ አጭዶ ይመዝናል። «ኩብሳ» የተባለው ስንዴ ለዓመታት የገበሬው ዓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሲመታው የአርሲና የባሌ ገበሬ ወደ ሌላ ዝርያ ዞረ። ዞሮም «ዲገሉ»ን ያዘ፤ እሱንም በ2013 የግንድ ዋግ አገኘውና እንደገና ፊቱን አዞረ። «የድሮው ኩብሳ ግን አንድ ነፍስ ነበረው» ብሎ ባዶ ማሳ ላይ የተቀመጠ የለም። ምን ይደረግ፣ ባለ ጆሮ አልመከረውም።

በድምፅም መደብ የዘሩ አሉ። ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን ከሲዲ የበለጠ ጥራት አላቸው የሚባሉትን ቅጂዎች ወሰዱ፤ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በ16 ቢት የሲዲ መቅጃ በኩል አሳልፈው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩ ለአድማጮች አሰሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ውጤት ከ554 ሙከራ 276 ትክክል የሚል ነበር። ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሕፃንም ከዚህ አይርቅም። ባለ ጆሮው ይህን ሲሰማ መልሱ ዝግጁ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ጆሯቸው አልሠለጠነም። አሰላ ውስጥ አንድ የእህት ልጅ በጋቢ የተሸፈኑ ሁለት ሳጥኖች ፊት ቆሞ፣ የሁለቱን ድምፅ አስተካክሎ፣ «ጋሼ፣ አሁን የሚዘፍነው የቱ ነው?» ቢልስ? የዛሬው መብራት ንጹህ አይደለም። ጋቢው ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል። ልጁም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ደግሞ ትልቅ ሰው እንዲህ አይፈተንም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምተው «የኔ ግን ዘመዴ ነው» የሚሉ እነዚህ ብቻ ናቸው።

በዚህ ሁሉ የሚደመጠው ምንድን ነው? የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» ነው እንበል። ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ተቀድቶ፣ ካይፋ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ በሸክላ አወጣው። ከዚያ ወደ ካሴት ተገለበጠ፤ ካሴት ደግሞ ጥሩ ሲባል ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ነው። ካሴቱ ከካሴት፣ ያኛውም ከሌላ ካሴት ተባዛ። በመጨረሻ አንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ዩቲዩብ ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ የሚወርደው ድምፅ በሰከንድ 128 ኪሎቢት አካባቢ ነው፤ ሲዲ 1,411 ነው። ሙዚቃ ቤት ሄዶ በፍላሽ ያስጫነው ዘፈን አሥራ አንድ እጅ ያህል ተጨምቆ፣ ባለ ሁለት ዘውዱ ቺፕ ፊት ይቀርባል። ቺፑም ታማኝ ነው፤ የካሴቱን ሽሽታ ምንም ሳያጓድል ያደርሰዋል። «ሰማህ ያንን አየር?» ይላል ባለቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ። ያው አልበም በፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» ተከታታይ ሰባተኛ ቅጽ ሆኖ በሲዲ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዋጋው ከዝቅ ማድረጊያው ትራንስፎርመር ያንሳል። ሲዲ ግን ቀላል ነው፤ ኪሎ የለውም።

ክፍሉም መታየት አለበት። ሲሚንቶ ወለል፣ የተለሰነ ባዶ ግድግዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ድምፁ ከስፒከሩ ወጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይደርሳል፤ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ አይደርስም። ስፒከሩ ራሱ ወፍራሙን ድምፅ ሲጮህ አንድ በመቶና ከዚያ በላይ ያዛባል፤ የዳኩ ስህተት በመቶኛ ክፍልፋይ የሚቆጠር ነው። ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መጋረጃ ማወፈር፣ ስፒከሩን ከጥግ ማውጣት በጆሮ የሚለይ ለውጥ ያመጣል። ይህ ግን ለእንግዳ አይታይም፤ መጋረጃ ላይ ዘውድ አይታተምም።

የባለ ጆሮው እናት ቁም ሣጥን ሥር፣ በካርቶን ውስጥ፣ የአሊ ቢራና የሌሎች ካሴቶች አሉ እንበል። የአባትየውን የሠርግ ቀን የያዘም ይኖርበታል። ሪባኑ በእርጥበት ሻጋታ እየያዘ ነው፤ ዛሬ በደንብ ካልተቀዳ የትኛውም ዳክ አይመልሰውም። የቤቱ ቴፕ ደግሞ ጎማው ላልቷል፤ ሄዱም ቆሽሿል። ባለ ጆሮው ቴፑን አንጠልጥሎ ወደ ራዲዮ ሠሪው ይሄዳል፤ ሠሪው ጎማ ቀይሮ፣ ሄድ አጽድቶ፣ ሞተሩን ለማስተካከል የሚያስከፍለውን ይነግረዋል። ገንዘቡ ሳጥኑን ከዋሽንግተን ላመጣው ዘመድ ከተከፈለው የምሳ ግብዣ ያነሰ ነው።

«ኧረ ተው ወንድሜ» ይላል ባለ ጆሮው፣ «ለአሮጌ ዕቃ እንዲህ ይባላል? ቀንስ እንጂ!»