ገልብጠው!

ይኸውላችሁ፣ ነገሩን የጀመረችው ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቴ እታለም ናት። የወንድማችን ልጅ ጥር ላይ፣ የ55 ቀኑ ጾም ሳይገባ፣ ልትዳር ሆነ፤ እታለምን ደግሞ አሠሪዎቿ ፈቃድ ከለከሏት። የቬሎውን ኪራይ የላከች እሷ፣ ሰርጉን የማታይ እሷ። «አደራህን፣ አንተ ስልኩን ብቻ ያዝልኝ» አለችኝ። ስልክ መያዝ ምን ዕውቀት ይጠይቃል?

በነገራችን ላይ እኔና ካሜራ ድሮም አንዋደድም። የራሴ ሰርግ የተቀረጸው በ180 ደቂቃ የቪኤችኤስ ካሴት ነው። አንዱ ካሜራውን ተሸክሞ፣ ሁለተኛው ፓውዛ ከፍ አድርጎ፣ ሦስተኛው ሽቦ እየጎተተ ሲዞሩ፣ ሽቦው አማቴን ከነብርሌያቸው ጠልፎ ጣላቸው። ያ መብራት የበራበት ሰው ሁሉ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ይደርቅ ነበር። ካሴቱ ዛሬ ማጫወቻ አጥቶ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ወንድሜ ቀብድ ከፍሎ ሁለት ባለሙያ ልጆች አምጥቷል። አንዱ ካሜራውን እንደ ሞላ ብርሌ ተጠንቅቆ ይዞታል፤ ሌላው የወንድሜ ኮት ላይ ጥፍር የምታህል ማይክ ሰካ። ምን ዋጋ አለው፣ የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ስልክ ያልዘረጋ እጅ የለም፤ ልጁ ሙሽሪትን ለማግኘት በክንድ መሃል ይሽሎከለካል። «ጋሼ ይቅርታ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ» አለኝ። በልቤ «ፈራኝ! እንጀራውን ልነጥቀው መሰለው» አልኩና ከፍ አልኩ።

ስልኩን የከፈትኩት ሙሽራው በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ። እታለም ብቅ አለች። እኔ እሷን ካየሁ እሷም ሰርጉን እያየች ነው ብዬ ደመደምኩ። ትጮኻለች፤ ከበሮውና እልልታው አላሰማ አለኝ። ጆሮዬን ስለጥፍ «ገልብጠው!» ትላለች። ገለበጥኩት፤ ላዩን ወደ ታች። «ኧረ ገልብጠው!» መለስኩት። አጋደምኩት። አንዲት ጎረቤታችን «ምነው ስልኩን እንደ ቂጣ አገላበጥከው?» አሉኝ።

ጉልበት መሳሙ ደረሰ። ሙሽሮቹ ሲያጎነብሱ ሰው ገፍቼ ፊት ተደቀንኩ። ወንድሜ እንባ እየተናነቀው «እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» አለ። ሰዉ «አሜን» ሊል ትንፋሹን ሲስብ፣ ከእጄ ላይ «አንተ ደንቆሮ፣ ገልብጠው አልኩህ!» የሚል ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ሰዉም አፉ ላይ የደረሰውን «አሜን» ለእሷ ሰጣት።

ማታ የወንድሜ ትንሹ ልጅ አንዲት ምልክት ነካ ሲያደርግ ካሜራው ወደ ፊት ዞረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለካስ እታለም አርባ ደቂቃ ሙሉ ያየችው የአፍንጫዬን ቀዳዳ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ፊልሙ መጣ። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንድሻ ተበትኖ፣ ጉልበት መሳሙ ጋ ስንደርስ ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር መላጣዬ ሸፈነው። ጥራቱን ልመስክር፤ የቀሩኝን ፀጉሮች መቁጠር ይቻላል። የእታለምንም ስድብ ያቺ ማይክ አንዲት ፊደል አላስቀረችበትም። ወንድሜ ለካሜራው ልጅ ደውሎ «ይኼን ሰውዬ ማውጣት አይቻልም?» ሲለው፣ ልጁ በትሕትና «ጋሼን ከቆረጥኳቸው ጉልበት መሳሙም አብሮ ይሄዳል» አለ።

ቅጂውን ጅዳ ላክንላት። በማግስቱ ደወለች።

«ፊትህን በስልክ አየሁ፣ ማጅራትህን በፊልም አየሁ» አለችኝ። «ሙሽሪትን መቼ ነው የምታሳየኝ?»