ይድረስ ለተከበሩ የሰፈራችን ቤት ደላላ

ጉዳዩ፦ ቤቴ አሁንም ስላለመሸጡ

እኔ ከጦሳ ተራራ ከሚወርደው ብርድና ከእርስዎ በር ማንኳኳት በስተቀር፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ቤቴም ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት እንደነገርዎት አይሸጥም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም አይሸጥም ነበር። እርስዎ ግን የሙያ ሰው ነዎትና "አይሸጥም" ማለት "ዋጋ ጨምሩ" ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ ላድርገው አልኩ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም የሰው ቤት ጉዳይ ከተማው ሳይሰማው ማደር እንደማይወዱ ስለማውቅ ነው።

አስቀድሜ ችሎታዎን ላመስግን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተሰንቅራ የምትኖር ከተማ ናት። እዚህ አገር ሜዳ የሚባለውን ነገር የምናውቀው ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ነው። እርስዎ ግን "ከአስፋልት 50 ሜትር" ብለው ሲያስተዋውቁ አንድም ቀን ዋሽተው አያውቁም፤ 50 ሜትሩ ሽቅብ መሆኑን ብቻ ነው የሚያስቀሩት። "ለአየር ማረፊያ ቅርብ" ያሉትም ቤት አለ። አየር ማረፊያው ኮምቦልቻ መሆኑ፣ እሱም የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዞ መውረድ የሚጠይቅ መሆኑ የሹፌሩ ጉዳይ እንጂ የእርስዎ አይደለም። "እይታ ያለው" ካሉ የታችኛው ጎረቤት ቆርቆሮ ከደጃፉ ሥር ነው ማለት ነው። ደግሞ ቤት የሚያሳዩት በጥርና በየካቲት፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ ደጅ ድረስ መጥቶ ጋቢ ሲያስደርብ፣ ስልክዎ "ከአገልግሎት ክልል ውጪ" ይሆናል። ታሪካዊው የአይጠየፍ አዳራሽ እስከ ዛሬ ገዢ ሳይቀርብለት መቅረቱም ከእርስዎ ስንፍና ሳይሆን ካርታው በማን ስም እንደሆነ ገና ስላላጣሩ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የሚሸጡት ነገር ነው። አዋጅ 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከወረሰ ወዲህ፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ካለ ወዲህ፣ ሊሸጥ የሚችለው በላዩ ያለው ቤት ብቻ ነው። የእኔ ቤት ደግሞ እንጨትና ጭቃ ነው። አባቴ ጭቃውን ከጭድ ጋር አስቦክቶ፣ የሰፈሩ ሰው በደቦ መርጎ አቆመው። እርስዎ ለዚህ ምርግ የጠሩልኝን ሚሊዮኖች ስሰማ ማታ ተነሥቼ ግድግዳውን በባትሪ አየሁት፤ ያው ጭቃ ነው። እርስዎ ያሉበት ሽያጭ ላይ የቴምብር ቀረጥ ሁለት በመቶ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለገዢ ሲነገር ወርቅ የነበረው ቤት፣ ውል ሊፈረም ሲቀርብ ድንገት ጭቃነቱ ትዝ ይለዋል፤ ዋጋውም አብሮ ይረግፋል። መሬቱን ሳይሸጡ ሸጠውት፣ መንግሥት ሲመጣ ደግሞ እንዳልተሸጠ ማድረግ፣ ይኼ ከደላላነት አልፎ ተሰጥዖ ነው።

ስለ ሊዝ ግን አንድም ቀን አንሥተውልኝ አያውቁም። አዋጅ 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ይይዘዋል ይላል። እኔና ልጆቼ የዘመን ልክ ሳንቆጥር የምንቀመጥበትን ቦታ፣ የእርስዎ ገዢ ለመኖሪያ በተፈቀደው 99 ዓመት ልክ ሊቆጥር ነው። "ያው ነው፣ ማን 99 ዓመት ይኖራል?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጦሳ ይኖራል፤ ግን እሱ ገዢ አይደለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ባለፈው ከአጥሬ ማዶ ያለውን ቤት በስልክ ሲያሳዩ ቆሜ አየሁ። ገዢዋ ሪያድ ናት፤ የሰው ቤት ስትጠርግ ያጠራቀመችውን ይዛ በኢሞ ትከታተላለች። ስልኩን በሁለት እጅዎ ከፍ አድርገው ሳሎኑን ዞሩት። የምሥራቁ ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ካሜራው ቀና አለና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጣሪያው በእውነት ያምራል፤ አዲስ ኮርኒስ ተወጥሮበታል። ግድግዳው ላይ ግን ከመስኮቱ ማዕዘን እስከ ወለሉ የወረደ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ምንጣፍ ተሰቅሎበታል። "ፀጥ ያለ ሰፈር ነው" አሏት። ወዲያው ከታች አዛን ተሰማ፤ ከላይ ደግሞ የአንድ ሰው ውሻ ተቀበለው።

ይኼኔ ጎረቤታችን እማማ፣ ሲኒ ሲያጥቡ ከነበሩበት፣ ውሃው ከእጃቸው እየተንጠባጠበ ብቅ አሉ። ፊታቸውን ስልኩ ላይ ደቀኑና "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። በሦስት ጥያቄ ኩታበር ያሉትን አያቷን አገኙ። ከዚያ፣ እርስዎ ክርናቸውን እየጎተቱ፣ "ቤቱስ መልካም ነበር፣ ልጄ። ክረምት ላይ ያ ግድግዳ ያለቅሳል እንጂ። ሁለቴ አስለሰኑት፤ አልያዘም" አሏት። ያን ጊዜ ኔትወርክ ጠፋ። በደሴ ሰማይ ላይ የጠፋው ግን የእርስዎ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ የኔ ይሠራ ነበር።

ቆይተው ደውለው ምን እንዳሏት ሰምቻለሁ፤ ድምፅዎ እንኳን አጥር ገደልም ይሻገራል። "ሴትዮዋ ምቀኛ ናት፣ እህቴ፤ ጎረቤት የሰው ማግኘት አይወድም። ዛሬ ቀብድ ካልገባ ከጅዳ የደወለ ሰው አለ።" ቀብድ ያስያዘ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ እንደሚቀርበት፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን እንደሚመልስ ያውቃሉ። ለዚህም ነው ቀብዱ ከእማማ ሲኒ እንዲቀድም የሚጣደፉት። ልጅቱ አልቸኮለችም። አያቷ ጋ ሰው ላከች፣ አያቷ እማማ ጋ ሰው ላኩ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። እርስዎም ከዚያ ወዲህ "ይኼ ሰፈር ገበያ ያበላሻል" እያሉ ያሙናል።

ይልቅ እውነቱን እንነጋገር። በዚህ ከተማ የቤት ምርመራ የሚያደርግ ማን አለ? መሐንዲስ አምጥቶ አፈሩን የሚያስቆፍር ገዢ አላየሁም። ካርታው ላይ 200 ካሬ ይላል፤ የትኛው ካሬ ወደ ጎረቤት እንደሚንሸራተት አይልም። የላይኛው ጣሪያ ውሃ በማን ደጅ እንደሚወርድ፣ ቦዩን ማን ጠርጎ ማን እንደሚደፍነው፣ የትኛው ግድግዳ በየትኛው ክረምት እንደተሰነጠቀ የተጻፈው ጎረቤት ራስ ውስጥ ነው። እርስዎ ደግሞ "ለጎረቤት እንዳትነግሩ" ብለው ይጀምራሉ። ከሻጭ ሁለት በመቶ፣ ከገዢም ሁለት በመቶ የሚከፈልዎት፣ እኔ እንደገባኝ፣ ገዢንና ሻጭን ለማገናኘት ሳይሆን ገዢንና ጎረቤትን ላለማገናኘት ነው።

ጎረቤት መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። በእኛ በወሎ ቅሬ የምንለው፣ ሌላው ዕድር የሚለው ማኅበር ስብሰባው ላይ አንድ የጠፋ ጭልፋ ለማግኘት ግማሽ ቀን ያከራክረናል። ከበላዬ ያለው ሰውዬም የጣሪያውን ውሃ ወደ ግቢዬ መልቀቁን እስካሁን አልተወም፤ በየክረምቱ እንጣላለን፣ በየመስከረሙ እንታረቃለን። ግን ቅሬያችን እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ደብተር መዝግቦ፣ ድንኳኑንም ብረት ድስቱንም ለሁሉም እኩል ያወጣል። አዲስ ሰው ቤት ከገዛ የስም ዝውውሩ ፋይል የት እንደደረሰ ባይታወቅም፣ የቅሬው ጸሐፊ በሳምንቱ ስሙን፣ የቤተሰቡን ቁጥርና መቼ እንደሚከፍል ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ገብቶ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲሰደድ፣ ቁልፉን ለማን እንደሰጠ ያስታውሱ ይሆናል። ለደላላ የሰጠ አልሰማሁም።

ሌላም አለ። ከታች በኩል ያገኙት ባለሀብት ቪላ ለማቆም የኮረብታውን እግር በኤክስካቫተር ቆርጦ ግድግዳ ያህል ገተረው። ቁልቁለት ላይ ያለ አፈር እግሩ ሲቆረጥና ክረምት ሲጠጣ ምን እንደሚያደርግ ለደሴ ሰው አይነገርም፤ መንገድም ቤትም ሲንሸራተትብን ኖረናል። ከቪላው በላይ ያሉት ቤቶች በረንዳ አሁን ዘመም ብሏል። እርስዎ ግን ይኼንንም ወደ ገበያ አዙረው "ባለቤቶቹ ተቸግረዋል፣ በርካሽ ይለቃሉ" ብለው ለሌላ ገዢ ደወሉ። ከአንድ ቁፋሮ ሁለት ኮሚሽን! እኔ የዩኒቨርሲቲ የንግድ መምህር ብሆን ኖሮ እንግዳ ተናጋሪ አድርጌ እጋብዝዎ ነበር።

ለማንኛውም ጨክኜ እምቢ አልልም። ቤቴን የሚፈልግ ገዢ ካለዎት ያምጡት፤ ቅድመ ሁኔታዬ ግን ይኼ ነው። ገዢው ነሐሴን በሙሉ እኔ ቤት ይደር፤ ኪራይ አልጠይቀውም፣ ባልዲ ግን ይዞ ይምጣ፣ የሚያፈስሰው ከአንድ ቦታ አይደለምና። እርስዎ በሌሉበት እማማ ጋ ቡና ይጠጣ፤ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ ለመሮጥ ሳይሆን እስከ በረካው። የእርስዎ ሁለት በመቶ ደግሞ፣ ከሁለታችንም የሚሰበሰበው፣ በቅሬያችን ሣጥን ውስጥ ለአንድ ክረምት ይቀመጥ። መስከረም ሲጠባ ግድግዳው ካላለቀሰ፣ ቦዩ ካላጣላን፣ ገዢውም ስሙን ደብተራችን ላይ ካስመዘገበ፣ ጸሐፊው ቆጥሮ ያስረክብዎታል። ካልሆነ ገንዘቡ ለድንኳን መጠገኛ ይውላል። ድንኳኑ እርስዎም ሲቸግርዎ የሚተከል ነው፤ የወርሃዊው መዋጮ ግን የሦስት ወር ቀርቶብዎታል፣ ጸሐፊው እንዳስታውስዎ አደራ ብሎኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሩን የሚያንኳኩበት ቤት ባለቤት

ግልባጭ፦
ለቅሬያችን ጸሐፊ፣ የተጠቀሰውን ውዝፍ እንዲከታተሉ
ለእማማ፣ ሌላ ቤት በስልክ ሲታይ እንዲገኙ
ከበላዬ ላለው ጎረቤቴ፣ ውሃውን በሚመለከት